እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ

በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነበር። ከመንደሬ ከሀቢቾ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ጎረቤቱ ግን ሁሉ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደ ወጋችን ተሰነባበትን። ወንዱ ቀኝ እጁን ሲሰጠኝ በግራው ክንዱን ደግፎ፣ ሴቷ ጎንበስ ብላ፣ ልጆቹ ጉልበቴን እየሳሙ። መኪናው ሆሳዕና እስኪደርስ ድረስ መዳፌ የሰው እጅ ሙቀት ነበረው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ሰው የጠገበውን ነገር መቼ ልብ ይላል?

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ እለፉኝ። የምጽፈው ልጆቻቸው «ና፣ እኔ ጋ ኑር» ለሚሏቸው እንደ እኔ ላሉ ሽማግሌዎች ነው።

የሄድኩት ደቡብ አፍሪካ፣ ልጄ ታምራት ጋ ነው። ታላቅ ወንድሙ ወደዚያው ሲሄድ መንገድ ላይ ሞቷል። በየትኛው አገር አፈር እንደተቀበረ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ታምራት ግን ደረሰ፤ ሱቅ ከፈተ፤ ዓመታት ሳላየው ኖርኩ። እናታቸው ስታርፍ «አባ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ?» ብሎ ወረቀቱን ጨረሰና ቲኬት ላከልኝ። ወንድሜ ሄራሞ «በዚህ ዕድሜህ የት ትሄዳለህ?» ቢለኝ፣ «አንዱን ሳላየው ቀረሁ፤ ሌላውን እያየሁ እሞታለሁ» አልኩት። ግትር ነኝ፤ ይህንን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

እዚያ አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ መስታወት ውስጥ የተቀመጠች ሴት ፓስፖርቴን ታገላብጣለች። እኔ ባለሥልጣን ፊት እንደቆመ ሰው አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከኋላዬ የቆመች የዱራሜ ልጅ ታስተረጉምልኛለች።

«አባባ፣ ለምን አያየኝም ትላለች።»

«ሥራ ላይ ያለችን ሰው ዓይን ዓይኗን እንዴት አያታለሁ?»

«የሚደብቁት ነገር ያለ ይመስላታል። ቀና ይበሉ።»

ቀና አልኩ። «ልጅህ ጋ ነው የመጣኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አገራችን ሁላችንም እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ፤ አዎ ማለቴ ነው። ደግማ ጠየቀች። ደግሜ ሳብኩ። ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች።

«አባባ፣ ያምዎታል እንዴ? ትንፋሽ አጥሮታል እያለች ነው።»

«አዎ አልኩ እንጂ ምን አልኩ?»

ማን ይስማኝ! ባለ ጎማ ወንበር መጣ። አልቀመጥም ብል ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው አስቀመጡኝ። ከሀቢቾ ሆሳዕና ገበያ በእግሬ ስመላለስ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ ፊት እንደ ሽባ እየተገፋሁ ወጣሁ።

«አባ! ምን ሆንክ?» አለ ታምራት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንም። አዎ በማለቴ ነው» አልኩት።

ከወንበሩ ተነሣሁና ጉልበቴን እስኪስም ቆምኩ። እሱ እጁን ዘረጋ። መዳፌን ጨበጠ፣ ከዚያ አውራ ጣቴን ያዘ፣ ከዚያ ተመልሶ መዳፌን። የዚያ አገር ሰላምታ እንዲህ ነው። እኔ የመጀመሪያው ላይ ያለቀ መስሎኝ እጄን ስስብ ጣታችን ተጋጨ። ኋላ አቀፈኝ፤ አለቀሰም። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ጉልበቴን ግን አልሳመኝም። መሳም እንዳለበትም ትዝ አላለውም።

ሱቁ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ነው። ፊቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ዳቦውም ዘይቱም የሚወጣው በትንሽ ቀዳዳ ነው። እኔ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ደጅ ተቀመጥኩ። ሰኔ እኛ ዘንድ ጭቃ ነው፤ እዚያ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ነው። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፤ ከነጭ በቆሎ የሚሠራ፣ ቅቤ ያልነካው ገንፎ በሉት። ቡላ በቅቤ የራሰበትን አተካና በልቶ ላደገ ሰው ከጉሮሮ አይወርድም። ቢሆንም ለመድኩት። ሆድ ሁሉን ይለምዳል። ያቃተኝ እጄ ነው።

አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ብድግ እያልኩ እጅ እነሣለሁ። እኛ ዘንድ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ቂም ያለው ሰው ነው። እዚያ ግን ጎረምሶቹ አውራ ጣታቸውን ቀስረው «ሻርፕ፣ ማዳላ!» ብለው ያልፋሉ። ሻርፕ ደህና ነው እንደ ማለት ነው፤ ማዳላ ሽማግሌ ማለት ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት የገዛችውን ዳቦ ረስታ ስትሄድ፣ መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ በጣቶቼ ነይ፣ ነይ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና እየተሳደበች እርምጃዋን አፈጠነች።

ታምራት በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ «አባ፣ እዚህ እንደዚያ ማድረግ ሂጂልኝ ማለት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ነይ እንዴት ይባላል?»

«መዳፍህን ወደ ላይ አድርገህ በአንድ ጣት።»

«በአንድ ጣት ሰው ይጠራል? ንቀት ነው እንጂ!»

«አባ፣ እነዚህ ሰዎች ለእኛ ለመጤዎቹ ሆዳቸው ሻክሯል። ትንሽ ምክንያት ነው የሚፈልጉት። እባክህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ።»

«እጄን ኪሴ ከትቼ ሰው ፊት የምቆም ባለጌ ነኝ?»

እኔም እንደ ልማዴ ቀጠልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ሊንዲ የምትባል ወጣት እናት አለች። ሕፃኗን በፎጣ ጀርባዋ ላይ አስራ ለዳቦ ስትመጣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ ያቺን ሰላምታ ብዬ ነው ማለዳ የምወጣው። አንድ ቀን ሕፃኑ ጣቴን ያዘኝና አልለቅም አለ። አባቴ ለእኔ፣ እኔም ለልጆቼ እንዳደረግሁት እጄን አናቱ ላይ ጭኜ «እደግ፣ ተመንደግ፣ እናትህን ጡር» አልኩና ትፍ፣ ትፍ አልኩበት። ቤተ ክርስቲያናችን ይህችን ትፍ ማለት አትወዳትም። እኔ ግን ምርቃት ያለ እሷ ጨው እንደሌለው ጎመን ይሆንብኛል።

ሊንዲ ጮኸች። የልጇን አናት በቀሚሷ እየጠረገች ጮኸች። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ታምራት ጎትቶ አስገባኝና የብረቱን በር ቆለፈ። የቤቱ አከራይ ማማ ቶኮ ሰውን ገፍታ መጥታ በቀዳዳው አፈጠጠች።

«አባትህ ሕፃን ላይ ተፋ!»

«ምርቃት ነው፤ ባረከው እኮ» አላት ታምራት።

«ሲባርክ የሚተፋ ሲራገም ምን ሊያደርግ ነው?»

ታምራት ሲያስተረጉምልኝ፣ «ስንራገም አንተፋም በላት» አልኩት። አላስተረጎመላትም።

«ስማኝ» አለችው፣ «ይሄ ሕፃን ቢታመም ሰፈሩ ሱቅህን ያቃጥለዋል። እኔ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ሽማግሌህን ያዝ።»

በነጋታው ሕፃኑ ሲያስል ሰማነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉን ያሰማል። ታምራት የውኃ ጀሪካኖቹን ሞልቶ በሩ ሥር ደረደራቸው፤ እሳት ቢመጣ ለማጥፋት ነው። ሳይነግረኝ ገባኝ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው የለም። ልጄ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቁጭ ብሎ ሳየው፣ በሀዲይኛ ጸለይኩ፤ በአማርኛ የማይወጣልኝ ጸሎት ነበር። ጌታ ሆይ፣ ታላቁን መንገድ በላው፤ ይሄኛውን የእኔ ከንፈር ሊበላው ነው ወይ? እዚህ የመጣሁት እሱን ለማየት ብዬ እንጂ እሱን ለማስገደል ነው?

ሳሉ ጉንፋን ነበር፤ ለቀቀው። ገበያተኛው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሊንዲ ግን ዳቦ ስትገዛ እኔ ባለሁበት በኩል አታይም።

ታምራት እራት ላይ ፓፑን እያድበለበለ፣ ሳያየኝ፣ «አባ፣ ወይ ወደ ሀቢቾ ልመልስህ፣ ወይ…» ብሎ አቋረጠው።

«ጨርሰው እንጂ።»

«አልችልም፣ አባ።»

ሀቢቾ ምን አለኝ? ሰላምታው አለኝ፤ ልጄ ግን የለም። እዚህ ልጄ አለኝ። አሰብኩት። ብዙ ማሰብም አላስፈለገኝም፤ እቀራለሁ።

ምሽቱን ወንድሜ ሄራሞ ደወለ።

«ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ሰላም ይሉሃል?»

«ይሉኛል።»

«እንግዳ ያከብራሉ?»

«በደንብ።»

«አንተ እንግዲህ ሳትመርቅ አታድርም። ልጆቻቸውን ትመርቃለህ?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። አዎ ማለቴ እንደሆነ በስልክ እንኳ ወዲያው ገባው፤ ያቺን ትንፋሽ የሚያውቅ ሰው ነው። «ተመስገን» አለ። ውሸት መሆኑን ግን ትንፋሽ አይናገርም።

በማግስቱ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሊንዲ ሕፃኑን አዝላ መጣች። ብድግ አልኩ፤ ይሄን መተው አልቻልኩም። ሁለት እጄን ግን ኪሴ ከተትኩ። መጀመሪያ ኪሴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን፤ ዳቦዋን ይዛ አለፈች። ታምራት በፍርግርጉ ውስጥ ያየኛል። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን አዙሮ እጁን ከፎጣው አወጣና፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ አደረገልኝ። እኛ ዘንድ ና ማለት ነው። ጥጉን እስኪታጠፉ ቆሜ አየሁት። እጄን አላወጣሁም።