የጉንዳን ወፎች መሳቢያ

አክስቴ የወርቅውሃ ኒውአርክ ከተማ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ስምንት ዓመት ካርቶን ስታሽግ ቆይታ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ኦክላንድ አቅራቢያ ባለ የወፍ ሙዚየም የስድስት ወር ሥራ አገኘች። ወፎቹ የሞቱ ናቸው። ሆዳቸው በጥጥ ተሞልቶ፣ እግራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ታስሮ፣ መሳቢያ ውስጥ በጀርባቸው ይተኛሉ።

ታክሲ ነጂው ወንድሟ አስራት እሁድ ምሳ ላይ ይተርባታል።

«እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ስንት አስከሬን ገነዝሽ?»

«ብዙ ነው። ግን እንዳንተ ተሳፋሪዎች በአቋራጭ ውሰጂን አይሉኝም።»

የተሰጧት የጉንዳን ወፎች ነበሩ፤ ነፍሳት የሚበሉ፣ ከሞቃት አገር ጫካ የመጡ ትንንሽ ወፎች። አንዳንዶቹ ጉንዳን ሲሰለፍ ከኋላ ተከትለው፣ ሰልፉን የሚሸሸውን ነፍሳት ይለቅማሉ። የወፍ ተመራማሪዎች እንደ አንድ ቤተሰብ ሲቆጥሯቸው ኖረው በዚያ ሰሞን ለሁለት ከፈሏቸው። እግረ ረጅም፣ ጭራ አጭር ሆነው መሬት ላይ የሚራመዱት ለብቻ፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚዘሉት ለብቻ። ወረቀቱ ላይ ባለው ስም እየለየች መሳቢያ ለመሳቢያ የምታዛውራቸው አክስቴ ነበረች።

ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ኮል አደረገችልኝ። ከሚራመዱት መሃል አንዱን ወፍ ገልብጣ አይታዋለች። ጭራው አጭር አይደለም፤ ላባው ረግፎ ሥሩ ብቻ ቀርቷል። እግሩም አጭር ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ከሚዘሉት ወገን መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት የእጅ ጽሕፈት ደግሞ የአለቃዋ የዶክተር ኤለን ነው።

«አርብ ፐርማነንት ያደርጉኛል ወይ ያሰናብቱኛል» አለች። «አሁን ሄጄ ዶክተሯን ተሳስተሻል ልበላት?»

«ዝም ብለሽ ቦታው ብትመልሺውስ?»

«ካየሁት በኋላ እንዴት አድርጌ?»

በማግስቱ ወፉን በሁለት እጇ ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች። ዶክተር ኤለን ማጉያ መነጽሯን አንስታ ብዙ አየችው።

«ይሄን የጻፍኩት ተማሪ እያለሁ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አልገለበጠውም።»

እዚያ ቤት የተሳሳተ ወረቀት አይጣልም፤ አዲሱ ከጎኑ ይታሰራል። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አቀበለቻት። «ስምሽንም ጻፊበት። ያየሽው አንቺ ነሽ።»

አርብ የቋሚ ቅጥር ፎርሙን ሞላች። ሰኞ ጠዋት ቀጣዩን መሳቢያ ከፍታ ወፎቹን አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር። ዶክተር ኤለንም ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።