«ተቀበይ!» ያላት ዕለት

ጎረቤቴ ሙዚቃ ሲከፍት መደርደሪያዬ ላይ ያሉት የመድኃኒት ብልቃጦች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ማውንቴን ቪው ያለችው ልጄ በስልክ ስትሰማው ትናደዳለች። «ማሚ፣ ማኔጀሩን ኮል አድርጊውና ኮምፕሌይን አድርጊ እንጂ!» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ አላደርገውም። የአሜሪካ ግድግዳ ስስ መሆኑን እኔ የማውቀው እሷ ሳትወለድ ነው። ቆይ ልንገርሽ።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው፤ ሳን ሆዜ ተማሪ ነበርን። ዛሬ ቢሮ በቢሮ የሆነው ጎረቤታችን ሳኒቬል ያኔ የፍራፍሬ እርሻ ነበር፤ በበጋ መስኮት ስከፍት ፀሐይ ላይ የተሰጣ አፕሪኮት የሚሉት ፍሬ ይሸተኝ ነበር። ባሌም ያኔ ባሌ አልነበረም፤ አብረን የምንማር ጓደኛሞች ነን። አዲስ አበባ ሳለ አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ካለ አዝማሪው ማሲንቆውን ገታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጠዋል ይባልለት ነበር። እዚህም አላስቀመጠንም፤ ፈተና ወደቅን ግጥም፣ ወጥ አረረብን ግጥም።

ከዚያ የእናቱ መርዶ መጣ። እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን ወደተከራያት ክፍል ሄድን። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ነገረው፤ እኛ ሴቶቹ ጮህን። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው አከራዩ በሩን ደበደበችው። በሌሊት ልብሷ ቆማ፣ ፊቷ አመድ መስሎ «ሰው ተጎዳ? ፖሊስ ልጥራ?» ትላለች። ምን ታድርግ፣ ሰው የሚታረድ መስሏት ነው። እሱ ይቅርታ ጠይቆ ሸኛትና ወደኛ ዞሮ «በናታችሁ፣ ቀስ በሉ» አለን። በናታችሁ! አፉ ለምዶበት እኮ ነው።

በማግስቱ ክፍል ገባ። አላለቀሰም፤ ግጥምም ቀረ። ሳምንታት አለፉ፤ ልብሱ ሰፋው፣ ስንጠራው የሚሰማን ዘግይቶ ሆነ። እኔ ፈራሁ። ወድጄው ስለነበር ነው የፈራሁት፤ እንግዲህ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት «ተነስ፣ ኦክላንድ ሙዚቃ ቤት ውሰደኝ» አልኩት።

«ሐዘንተኛ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል?»

«መኪናውን ንዳልኝ አልኩህ እንጂ ጨፍርልኝ አልኩህ?»

አቤት ኦክላንድ! ከሳን ሆዜ ጸጥታ ለመጣ ሰው ልብ ያስደነግጣል። ሰባተኛው መንገድ ላይ መኪናውን ስናቆም ከየበሩ ሙዚቃ ይወጣል፤ ካንዱ ኦርጋን፣ ካንዱ ሳክስፎን። ዓሣ ይጠበሳል፣ ሥጋ ይጨሳል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች በነጭ ጓንትና በባርኔጣ ይንጎራደዳሉ። ባቡር ሲያልፍ ድምፁ ሁሉን ይውጠዋል፤ ካለፈ በኋላ ሙዚቃው እዚያው ቆሞ ይጠብቅሻል።

አንዱ በር ገባን። ከፀሐይ ስለገባን መጀመሪያ ምንም አልታየንም፤ ቢራ ቢራ ይሸታል። መድረኩ ላይ ወፍራም፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትዘፍናለች፤ አጠገቧ አንድ ጊታር መቺ አለ። ወንድ ከድቷት ይሁን ቤት ተቃጥሎባት አላውቅም፣ ግን አንድ ስንኝ በጨረሰች ቁጥር ሰዉ «ያ!» «ቴል ኢት!» ይላታል። ወዳጄ አቀርቅሮ የነበረውን ራሱን ቀና አደረገ።

«ይመልሱላታል» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰዎቹ! ይመልሱላታል እኮ!»

ምን ሊያደርግ ነው ሳልል ብድግ ብሎ በአማርኛ «ተቀበይ!» አላት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ቤቱ ሁሉ ዞረ። ዘፋኟ እጇን አነሳች፤ ጊታር መቺው አንዲት ክር ብቻ ይዞ ቀረ። «ጎ አሄድ፣ ቤቢ» አለችው፤ ቀጥል ማለቷ ነው። እሱም ግጥሙን ለቀቀው፦

እናት የሞተችበት ቀስ ብሎ ያለቅሳል፣
ግድግዳው ስስ ነውና ጎረቤት ይነሳል።

ምን ይግባት! ግን ድምፁን ሰምታለች። ዓይኗን ጨፍና የመጨረሻዋን ቃል ጫፍ ያዘች፤ «ሳ-ል... ሳ-ል...» እያለች ከታች አነሳችው፣ ወጣችበት፣ አወረደችው። ሰዉ «ያ! ያ!» አላት። ያን ጊዜ ነው እሱ «እማዬ!» ብሎ የጮኸው። ያገሩ ሰው እንደሚያለቅስ፣ ደረቱን እየመታ። ማንም ፖሊስ ልጥራ አላለም። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ጓንታቸውን አውልቀው አንገቱን እቅፍ አድርገው «ሌት ኢት አውት፣ ሰን»፣ አውጣው ልጄ፣ አሉት፤ አብረውት አነቡ። ቤቱ በሙሉ ለቀስተኛ ሆነለት። እኔም አለቀስኩ፤ ለእናቱም ለሱም።

ስንመለስ «ራበኝ» አለ። የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን መኪናው ውስጥ በላን፤ ጣቱን ላሰ።

እሱን ዘንድሮ ቀበርነው። ልጄ ሁሉን በሥርዓቱ ኦርጋናይዝ አድርጋው ነበር፤ ሰዓት የተመደበለት፣ በየወንበሩ ሶፍት የተቀመጠበት፣ ቆንጆ ቀብር። የልጅ ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ እኔም ቀስ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ያን ዱም ዱሙን ለቀቀው። ብልቃጦቹ ተንቀጠቀጡ። አፌን በእጄ ብይዘውም የልቅሶ ድምፄ አመለጠኝ። ሙዚቃው ወዲያው ቆመ፤ በሬ ተንኳኳ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ደንግጧል።

«አይም ሶሪ፣ ማም። ቱ ላውድ?»

«ኖ፣ ልጄ» አልኩት። «ተርን ኢት አፕ።»

ትንሽ አየኝና ገብቶ ከፍ አደረገው። እኔም በሬን ዘግቼ ባሌን ጮክ ብዬ አለቀስኩት።