ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ የሰጡት ሽማግሌ

ስለ ሩጫ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል? ተማሪ ሳለሁ ስምንት መቶ ሜትር ሮጫለሁ። ታዲያ ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለከረመ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ካፌ ሄድኩ። ስደርስ ቴሌቪዥኑ የዓለም ሻምፒዮናውን የወንዶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ፍጻሜ ሊያሳይ ነው። ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሰው አልነበረም፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ የኛን ልጅ ይዩት፤ ወርቁ የእሱ ነው» አልኳቸው።

«ሁለተኛ ነው የሚወጣው» አሉኝ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ደሜ ፈላ። ገና ሳይጀመር ይሟረታል?

«እንግዲያው አይዩት፤ እስቲ ወደ ሐይቁ ዞረው ይቀመጡልኝ» አልኩ። ሳይቆጡ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ሩጫው ተጀመረ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ «አሁን መሀል ይገባና መውጫ ያጣል» አሉ። ወዲያው ልጃችን በሯጮች ታጠረ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲሰማ «አሁን ይወጣል» አሉ፤ ወጣ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ፣ «በለው! በለው!» እያልኩ እስከ መጨረሻው ጮህኩለት። በደረት ተቀደመ። ሁለተኛ።

«አባቴ፣ እርስዎ ምንድን ነዎት?» አልኩ።

ወንበራቸውን መለሱት።

«ትናንት ማታ ቤቴ በቀጥታ ሲተላለፍ አይቼዋለሁ፤ ይሄ ድጋሚው ነው። አንተ እንደዚያ ስትጮህለት ጊዜ ግን፣ እኔም ዛሬ የሚቀድም መስሎኝ ነበር።»