ቤቴ ደባርቅ፣ ሐኪሜ አዲስ አበባ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ትንፋሼን ነው። የጨርቅ ጣቃ አውርጄ ለገዢ ስዘረጋ፣ ሮጬ የመጣሁ ያህል አለከለከኝ። ደባርቅ ላይ ብርድ የማይመታው ሰው ስለሌለ ብርድ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሰይድም እንዲሁ ብሎ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ሰጠኝ። ዳባት ተወልጄ ደባርቅ ያገባሁ ነጋዴ ነኝ፤ ከሰይድ ጋር የጨርቅ ሱቅ አለን። ልጃችን ኢክራም ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር።

ብርዱ አልለቀቀኝም። ጋደም ስል ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ጀመር። ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ አነጋለሁ። እግሬ አበጠ። አንድ ጠዋት ሳስል አክታዬ ቀላ።

ሆስፒታል ሄጄ የሳንባ ምች ነው ተብሎ መርፌ ወሰድኩ፤ አልተሻለኝም። እንደገና ስሄድ ሌላ ወጣት ሐኪም ደረቴን ረጅም ጊዜ አዳመጠና ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ።

«ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን አሞሽ፣ ከዚያ ጉልበትሽ ያብጥ ነበር?»

«አዎ። እኔም እህቴም።»

«ታከማችሁ?»

«እኔ አልታከምኩም። የእድገት ነው ይሉኝ ነበር።»

ጎንደር ላከኝ። እዚያ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሐኪሟ ምስሉን አይታ ወንበሯን ወደኔ አዞረች። «የልብሽ አንዱ በር፣ ማይትራል ቫልቩ፣ ጠቧል። የሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፤ ከልጅነትሽ የጉሮሮ ሕመም የመጣ ነው። ያን ጊዜ በፔኒሲሊን ይቆም ነበር።»

ነፍሰ ጡር መሆኔንም የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ አላወቅኩም። ፅንሱ አልቆየም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ፣ ታላቅ እህቴ ዘሐራ ዘንድ ሄድኩ። ዘሐራ በልጅነታችን፣ እኔ ጉሮሮዬን በታመምኩበት ክረምት፣ እንደኔው ታማ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አክስታችን ልታስተምራት አዲስ አበባ ወሰደቻት፤ ጉልበቷ እንደገና ሲያብጥ በማግስቱ ክሊኒክ አደረሰቻት፤ እስክታድግ ድረስ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች። ዛሬ ልቧ ጤነኛ ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ አንድ ገበታ በልተን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ያደግን። የለያየን ከዚያ በኋላ የኖርንበት አገር ነው። ያ መርፌ እንዳዳናት ከአዲስ አበባው ሐኪሜ አፍ ስትሰማ ዘሐራ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ምናለ ያን ቀን ሁለታችንንም ወስዳን ቢሆን ኖሮ» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ተራ ጠበቅኩ። ደረቴ ተከፈተ። ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ነበር። መናገር አልችልም። ውኃ ጠማኝ። ቱቦውን እንዳልነቅል እጄ ታስሯል። ዙሪያዬ ጸጥ ሲል ከደረቴ ውስጥ እንደ ሰዓት የሚቆጥር ድምፅ ሰማሁ። በጠበበው በር ቦታ የገባልኝ የብረት ቫልቭ ነበር።

ማገገሙ ቀስ ብሎ መጣ፤ መጀመሪያ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከዚያ ከመስኮት እስከ በር፣ ኋላም የዘሐራን ኮንዶሚኒየም ደረጃ በዘሐራ ክንድ ተደግፌ እያረፍኩ መውጣትና መውረድ ቻልኩ። መድኃኒት ቤቱ ከሕንፃው ሥር ነው፤ ላቦራቶሪው በታክሲ ቅርብ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ስማችንን አያውቁም፤ ውኃ በተራ ስለሚመጣ በባልዲ ቆጥበን እንታጠባለን፤ ሰማዩን የማየው በሁለት ሕንፃ መሐል ነው። ደባርቅ ከቤት እስከ ሱቅ ለመድረስ የሰላምታው ብዛት ያስረፍድ ነበር። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር።

ደህና ነሽ ተብዬ አገሬ ገባሁ። ዋርፋሪን ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል ምርመራ ነው። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ምርመራው ስላልነበረ ጎንደር እመላለስ ነበር። ከዚያ በኋላ የጎንደር መንገድ ተዘጋ።

ክኒኑን በግምት ወሰድኩ። ድዴ ደማ። ክንዴ ሰማያዊ ሆነ። አንድ ቀን አፍንጫዬ መድማት ጀመረ። አልቆም አለ። ኢክራም ፎጣውን ያዘችልኝ። ፎጣው ራሰ። ሌላ አመጣች።

መንገዱ ሲከፈት ሚኒባስ ውስጥ፣ ደም ቢመጣ ብዬ ሳህን ታቅፌ በዳባት አለፍኩ፤ የተወለድኩበትን ሰፈር ቀና ብዬ አላየሁም። ጎንደር ያገኘችኝ ያችው ሐኪም ተቆጣች። «ይሄ በግምት የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ምርመራው በቅርብ ካለበት፣ የሚያስታምምሽ ሰው ካለበት ኑሪ።» ጎንደር ዘመድ የለኝም። ያለችኝ ዘሐራ ናት፤ ተመልሼ አዲስ አበባ እሷ ዘንድ ገባሁ። ሰይድ ሱቁንና አቅመ ደካማ እናቱን ትቶ መምጣት አልቻለም፤ ኢክራምም ከአያቷ ጋር ቀረች።

አሁን አይኤንአሬ ልክ ነው። ሐኪሞቹ ደስ ይላቸዋል። ኢክራም ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት ስትመጣ ግን በር ላይ ቆማ፣ «እንዴት ነዎት?» አለችኝ። በአንቱታ። አንቺ እያለች ያደገች ልጅ ናት። ዘሐራ ሳቀች፤ እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ የልጃችሁ ጉሮሮ ቆስሎ ካተኮሰው፣ ቀጥሎም መገጣጠሚያው ካበጠ፣ የእድገት ነው አትበሉ፤ ሐኪም ይየው። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሴቶች ሐኪም ሳታማክሩ አትፀንሱ። ከምርመራ የምትርቁ ከሆነ፣ መንገድ ቢዘጋ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

ደረቴን ላዳመጠው ወጣት፣ ለተቆጣችኝ ሐኪም፣ ለዘሐራ፣ አላህ ይስጥልኝ። ለሰይድም። ዘመዶቹ ሌላ አግባ እያሉ እንደሚወተውቱት አማቴ በስልክ ነገረችኝ።

«ምን አላቸው?» አልኳት።

«ሚስት አለችኝ አላቸው። መንገዱ ነው የራቀ አላቸው።»