ባቡሩ ከቆመ በኋላ የተንቀጠቀጠው ቤት

አቃቂ ውስጥ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ትምህርቴ ገና በልጅነቴ ቢቋረጥም፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል እየሠራሁ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተምሬያለሁ። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ይከፈት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከሰፈራችን የሄደ ተማሪ ለእረፍት ሲመጣ ሳልፈትነው አላሳልፈውም ነበር። አሁን መሬት ቢንቀጠቀጥ ምን ታደርጋለህ እለዋለሁ። አብዛኞቹ ይህ የአፋር ጉዳይ ነው፣ እዚህ አይደርስም ይሉኛል። አንዱ የምህንድስና ተማሪ ግን፣ «እርስዎን እጠራለኋ፣ አባባ» ብሎ አሾፈብኝ።

በትክክል የመለሰችልኝ ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው ተማሪ ብቻ ነበረች። ከግድግዳና ከመስታወት መራቅ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጭንቅላትን መሸፈን፣ እስኪቆም አለመሮጥ፤ አንዱንም አላስቀረችም።

ቤታችን ሐዲዱ ዳር ነው። ግድግዳውን በድንጋይ የገነባሁት ራሴ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ሐዲድ ዳር የኖርን ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ዕቃው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወሬያችንን ሳናቋርጥ ብርጭቋችንን በመዳፋችን እንከድናለን። ባቡሩ ሲያልፍ እጃችንን እናነሳለን።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እግሯን ታማ አልጋ ላይ የዋለችውን ባለቤቴን ልትጠይቅ ተማሪዋ መጣች። ሻይ ይዘን ስንጫወት መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንጫጩ ጀመር።

«ባቡሩ ነው» አለች ባለቤቴ፤ ብርጭቆዋንም ከደነች።

እኔም ከደንኩ። ተማሪዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች፤ እንዳልደነገጥን ስታይ እሷም ከደነች። ሦስታችንም እንደዚያ ተቀመጥን። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ግን ዓመታት አልፈውት ነበር። ከሦስታችን ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነኝ፤ ያኔም እጄ ብርጭቆው ላይ ነበር።

መንቀጥቀጡ ሲቆም ውጭ ውሾች ይጮኹ ነበር። ትራሱ ላይ የልስን አቧራ ወርዶበታል። ከባለቤቴ ራስጌ በላይ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል።

ወዲያው አልጋው ከግድግዳው ይራቅ አልኩ። ባለቤቴ እምቢ አለች። ተማሪዋ ግድግዳው ቢወድቅ ማምለጥ እንደማትችል በቀስታ ስታስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ገብቶኛል ልጄ» አለቻት። «ግን በልጅነቴ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ራሴን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር የማውቀው። ከዚህ ካነሳችሁኝ ባቡሩ ሲመጣ በምን ልወቅ?»

ከእንግዲህ አይመጣም ለማለት አፌን ስከፍት ተማሪዋ ቀደመችኝ። ሁለት ብርጭቆዎች አመጣችና እየተነካኩ እንዲቆሙ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው። ትንሽ ነገር ቢነቃነቅ እነዚህ ይነግሩዎታል አለቻት። ባለቤቴ አይታ አይታ እሺ አለች፤ አልጋውንም ወደ ጠረጴዛው አስጠጋነው።

ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩት፤ ከእኔ በተሻለ የሚደፍነው ግንበኛ የለም። እሱ ግን በዚያው መስመር ተመልሶ ይከፈታል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ሁለቱ ብርጭቆዎች ይንቃጨላሉ፤ የባለቤቴ ፊት ያን ጊዜ ይፈካል። እኔ ብርጭቆዬን ልከድን የዘረጋሁትን እጄን እሰበስብና፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ግድግዳውን አያለሁ።