ቲፖኮ አማቷን የሆነች ሰሞን

ዛሬ የመንደራችን ከሺያ ዛፍ ፍሬ ቅቤ የሚያወጡ ሴቶች ማኅበር አለቃ ቲፖኮ ናት። ስብሰባዋ ሳቅ የበዛበት ነው፤ የተጣላ ሰው እንኳ እየሳቀ ገብቶ እየሳቀ ይወጣል። እንግዶች «ይቺ ሴት ስትወለድም እንዲህ ነበረች?» ብለው ሲጠይቁኝ ሳቄ ይመጣል።

ብስክሌት ከምጠግንበት ዳስ ፊት ለፊት ለዓመታት ውሃ ተሸክማ ስታልፍ አያት ነበር፤ ድምጿን ግን አላውቀውም። ሰላም ስላት ወደ መሬት አይታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ አለቀ። እኔ ከቱጋን የመጣሁ ሳሞ ነኝ፣ እነሱ ሞሲዎች ናቸው። በአገራችን የሳሞና የሞሲ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ በጨዋታ መሰዳደብ ግዴታ ነው፤ እኔ አሽከሮቼ እላቸዋለሁ፣ እነሱ ውሻ በላ ይሉኛል፣ የሚቀየም የለም። ቲፖኮ ግን ምንም ብላት አትመልስም። እውነቱን ለመናገር ታናድደኝ ነበር።

አማቷ ሽማግሌው ኩድቢ የሞተው በዝናቡ ወራት ነው። ተዝካሩ እስኪወጣ ንብረቱን የሚነካ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ሁሉም ያውቃል። የበኩር ልጁ፣ የቲፖኮ ባል ታላቅ ወንድም ሳልፎ፣ በማሳው ላይ ያሉትን የሺያ ዛፎች ቆርጦ ጥጥ ሊዘራ ቆርጧል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ማረሻው በሥሮቻቸው እየተሰበረ አማሮታል። ነገር ግን እህሉ ሲያልቅ የዚያን ግቢ ልጆች የሚያኖረው የእነዚያ ዛፎች ፍሬ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ያንሾካሽካሉ እንጂ ወንዶቹ ፊት የሚናገር አልተገኘም።

በሞሲዎች ተዝካር ከሟቹ ምራቶች አንዷ ልብሱን ለብሳ እሱን ትሆናለች። እንደሱ ትራመዳለች፣ እንደሱ ትቆጣለች፣ ልጆቹም አባታችን ብለው ይታዘዟታል። ሁላችንም የጠበቅነው ተጫዋቿን የሳልፎን ሚስት ነበር። የሟቹ እህት ግን ጣታቸውን ወደ ቲፖኮ ቀሰሩ።

«ይቺማ ሬሳውን ትሆን ይሆናል እንጂ ሰውዬውን አትሆንም!» አልኩ እኔ።

«አንተ ውሻ በላ፣ አፍህን ዝጋ!» አሉኝ አሮጊቷ። «ወንድሜ ሲያስለው ውሃ ያቀበለው ማን ነው? ሲቆጣ ፊቱ ቆሞ የሰማው ማን ነው? ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ቲፖኮ ከጎጆው ስትወጣ ግራ እግሯን እየጎተተች ነበር። ቆመች፣ ዱላዋን ተከለችና ያንን የኩድቢን ረጅም ሳል ሳለች። ሳልፎ ሳያስበው ጎንበስ አለ።

«ጠላው ቀጥኗል!» ብላ ጮኸች። «ማን ነው የጠመቀው? ሚስቴ ናት? እንግዲያው ምንም አይወጣለትም፣ ጣፋጭ ነው!» ሰው በሳቅ ሆዱን ያዘ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «አንተ ሳሞ፣ ብስክሌቴን መቼ ነው የምትመልሰው? ወይስ እሷንም ውሻ መስላህ በላሃት?»

ለዓመታት ስጠብቀው የነበረ ስድብ ነው፤ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። 

ሦስት ቀን እንዲህ አንበሸበሸችን። በመጨረሻው ቀን የሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳልፎን ጠራችው፤ እሱም እንደ ወጉ መጥቶ ተንበረከከ።

«ዛፎቼ እንዴት ናቸው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ደህና ናቸው፣ አባባ።»

«መጥረቢያ የሚስልባቸው አለ አሉ።»

«ኧረ የለም፣ አባባ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን አልተታለልኩም። በዚያ ልብስ ውስጥ የተባለ ነገር ከልብሱ ጋር አብሮ ይወልቃል፣ ማንም አይያዝበትም። ማታ ልብሱን አጣጥፋ ስትመልስ ትከሻዋ እንደ ዱሮው ወርዶ አየሁና አዘንኩ፤ ከልቤ አዘንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሳልፎ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ይዞ ማሳው ላይ ተገኘ። ሴቶቹም ተሰብስበው ነበር፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ሄድኩ።

«ተዝካሩ ወጥቷል፣ ጨዋታውም አብቅቷል» አለ ሳልፎ። «ጥጥ ጥላ አይወድም፤ በሉ ዞር በሉ።»

ቲፖኮ ወደ ፊት ወጣች። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያ የኩድቢ ሳል ነበር። ሰው ሳቀ፤ እሷም በራሷ ሳቀች። ከሳቋ በኋላ የመጣው ድምፅ ቀጭን ነው፣ ግን የራሷ ነው።

«ትናንት አባትዎን ሆኜ ስናገር ተንበረከኩልኝ። ዛሬ ቲፖኮ ነኝ፣ መንበርከክ የለም። እኔ አባትዎን ሆኜ ከርሜያለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ለአንድ አፍታ እኔን ይሁኑልኝ።» የሺያ ፍሬ የምትለቅምበትን ቅርጫቷን ዘረጋችለት።

«አብደሻል እንዴ?»

ይህችን ጊዜ አላሳለፍኳትም። «ሞሲ ቅርጫት ፈራ!» ብዬ ጮህኩ። «ኑ እዩ፣ አሽከሬ በባዶ ቅርጫት ተንቀጠቀጠ!»

በሳሞ ፊት ከጨዋታ የሸሸ ሞሲ ወደፊት መኖሪያ የለውም። ሳልፎ ቅርጫቱን መንጭቆ አናቱ ላይ ደፋና ዳሌውን እያወዛወዘ ተንጎራደደ። ዛፍ ቆራጮቹ ሳይቀሩ በሳቅ ወደቁ።

«እሺ፣ ሐምሌ ነው» አለች ቲፖኮ። «ጎተራሽ ተጠርጓል። ጥጡ ገና አላበበም። ልጆችሽ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ትንሿ ቀሚስሽን ይዛ ታለቅሳለች። ወዴት ትሄጃለሽ?»

ሳልፎ እየተውረገረገ ሄደ። እግሩ በልጅነቱ እናቱን ተከትሎ ይሄድበት ወደነበረው ወደ መጀመሪያው ዛፍ ወሰደው። እዚያ መጥረቢያ የያዘ ሰው ቆሟል። የሳልፎ ዳሌ መወዛወዙን ተወ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ወዴት ትሄጃለሽ?» አለችው ደግማ።

«እንጃ» አለ። የሴት ድምፅ ማስመሰሉን ረስቶታል። «የምሄድበት የለኝም።»

ቅርጫቱን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አወረደው። ቆራጮቹን ከተዝካሩ የተረፈውን ጠላ ጠጥተው እንዲሄዱ ነገራቸው።

«በየዓመቱ ሐምሌን እንዲህ ነው የምታሳልፉት?» አላት።

«አዎ» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች። «የጠየቀን ግን አልነበረም።»

ሳልፎ ዛፉ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። «በይ ንገሪኝ» አላት።