ለአራስነት የተቀመጠ ቡላ

የልጅ ልጄ ዮናስ በቅርቡ መኪና ገዛ። አዲስ አይደለም፤ ከሦስት ሰው እጅ የዞረ ነው፤ ለእሱ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ያህል ነበርና «ለመስቀል አገር ቤት ካላደረስኩሽ» ብሎ ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ ቀበቶውን ራሱ አስሮልኝ ወልቂጤ ይዞኝ ወረደ። በዓሉን ውለን ስንመለስ ዘመዶች የኋላውን ሁሉ ቆጮና ቡላ አጭቀውበት ነበር። የዋልጋን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እኩሌታ እንደወጣን ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ዮናስ ዳር ይዞ አቆመና «አትፍሪ እማማ፣ ሞተሩ ሞቆ ነው፤ እስኪበርድ ትንሽ እንጠብቃለን» አለኝ። እኔ አልፈራሁም። የፈላ ውሃ፣ የዝገትና የጋለ ብረት ሽታ በመስኮቱ ገብቶ አፍንጫዬን ሲይዘው፣ ሳላስበው ቀሚሴን በመዳፌ ማራገፍ ጀመርኩ። ሽታው ያው የማውቀው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ገንፎ ገንፎ አይልም።

ጣሊያን ሊወጣ ገደማ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ወልቂጤ ነው፤ ያኔ ከተማ የሚያሰኛት መንገዱና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉት ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱም ጀርባ እንሰት። አባቴ ከቸሃ ወጥቶ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ፣ ኋላም የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ መንዳትን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በዓይኑ የሰረቀ ሰው ነው። በከተማው ሱቅ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ የጦርነቱ ወሬ አላምረው ብሎ ጓዙን ሊጠቀልል ሲነሳ፣ አባቴ ሁለቱን በሬዎቹን ነድቶ ወስዶ የሰውየውን አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና ይዞ ተመለሰ። የእናቴ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ አበደ አሉ። በሬ ቢሆን ለመስቀል ይታረዳል፣ ይሄ ታርዶ አይበላ ነገር፣ እያሉ በየሄዱበት ሳቁበት።

ለምን እንደገዛት የምናውቀው ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እናቴና ከጓዳ በር ጀርባ ቆሜ የሰማሁት እኔ። እናቴ፣ በአገራችን ቋንቋ አዶት ነው የምላት፣ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ምጡ ቀናት ፈጅቶ ልጆቹ ሞተው ነው የተወለዱት። በሁለተኛው እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። አሁን ደግሞ ፀንሳለች። ወሊሶ ሐኪም አለ ይባላል፤ ወሊሶ ግን ለደህና እግረኛም የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ለምጥ የያዛት ሴት ደግሞ የት እንደሆነ እንጃ። «በዚህኛው አላጣሽም፤ በመኪና ነው የማደርስሽ» ሲላት ሰማሁ። አባቴ ለእናቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየች።

መኪናዋ ግን ጉድ ነበረች። ነጋዴው የራዲያተሩን ቀዳዳ በሳሙና ደፍኖ ኖሮ፣ በሳምንቱ ሳሙናው ሟሟና ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አባቴ ሊሞክራት ሲያወጣት ገና ከከተማው ሳትርቅ ሞተሯ ይግላል፣ እንፋሎቷን ታወጣለች፣ እሱም ወርዶ እስክትበርድ ድረስ ያማጠ ያህል ፊቱን አጨፍግጎ ከፊቷ ይቆማል። ውሃ ማጠጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ። የራዲያተሩ አፍ ለቁመቴ ከፍ ያለ ስለነበር አባቴ ከወንዝ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ አመጣና ከመኪናዋ ፊት አስቀመጠልኝ፤ እዚያ ላይ ቆሜ በቅል ሳንቆረቁርላት ከሆዷ የሚሰማው ጉርጉርታ ደስ ይለኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው «ብርቄ፣ ላምሽ ጠጣች?» እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔ ግን በከተማው ከእኔ ሌላ መኪና የምታጠጣ ሴት ልጅ እንደሌለች አውቃለሁና አንገቴን ቀና አድርጌ አልፈዋለሁ።

መላውን ያመጣችው አዶት ናት። በእኛ ዘንድ ለምትወልድ ሴት ቡላ ከወራት በፊት ይዘጋጃል፤ ከእንሰቱ ፍቆ፣ ጨምቆ፣ ነጩ እስኪዘቅጥ ጠብቆ፣ አድርቆ በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፣ ስትወልድ ገንፎ ሆኖ በቅቤ ይቀርብላታል። አጥንቱ የተሰበረ ሰውም እሱኑ ይበላል፤ ይጠግናል ይባላል። አዶት ለሁለቱ አራስነቶቿ ያዘጋጀችውን በልቅሶ ለመጣ ሰው ነበር ያበላችው፤ የዘንድሮውን ግን ከሁሉ አስበልጣ፣ ንጹሕና ደቃቅ አድርጋ፣ ጠቅልላ ከጓዳ ሰቅላው ነበር። አባቴ አንድ ቀን ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ሲያማርር ሰምታ ከቤት ወጣችና «የሰው አጥንት የሚጠግን የጣሊያን ብረት ያቅተዋል?» አለችው። ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን ከምሩ ወሰደው። በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ በውሃ በጥብጦ ጨመረና ሞተሩን አስነሳ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠብታው ቀጥ አለ። አዶት ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። የዚያን ቀን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ኋላም አላየኋትም። «በሦስት ጣት ብቻ፤ ከዚያ በላይ አይነካም» አለ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ምጡ የመጣው በአንድ ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ የስልጤ ሴት፣ የሰፈሩ አዋላጅ፣ ሆዷን ዳብሳ ወጣችና አባቴን «ወንድሜ፣ ልጁ አግድም ተኝቷል፤ ይኼ በእኔ እጅ አይሆንም። ቢስሚላህ በልና መኪናህን አስነሳ» አለችው። አባቴ ከመኪናዋ ጀርባ ሣር ለማንጠፍ፣ ፍራሽና ጋቢ ለማውጣት ይሯሯጣል፤ እኔ ውሃዋን ላጠጣ ሄድኩ። ስጎነበስ ከሥሯ አየሁት፤ ያ ጠብታ ተመልሶ መጥቷል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩ ይከብደኛል። ክፋት አልነበረብኝም። ቁንጥሩ ለሳምንታት ከያዘ፣ ሁሉም ቢጨመር ወሊሶ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል ብዬ ነው ያሰብኩት። ጓዳ ገባሁ፣ ጥቅሉን አወረድኩ፣ ድንጋዬ ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ቡላ በእፍኝ በእፍኝ እያደረግሁ ከውሃው ጋር በራዲያተሩ አፍ ጨመርኩት። ቅጠሉን እንሰቱ ውስጥ ወረወርኩ። ጠብታው ሲቆም ሳይ በደስታ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ ወሊሶ ስንደርስ ለአዶት ልነግራት፣ እሷም ልትስቅ።

እኔ ከአባቴ ጎን፣ አዶትና እትዬ ከድጃ ከኋላ ሆነን ወጣን። የጣሊያን ወታደር የጫኑ መኪናዎች ከፊት ለፊታችን ወደ ጅማ ይሸሻሉ፤ የእኛን አሮጌ ለመቀማት እንኳ አልተመኟትም፣ አቧራቸውን አልብሰውን አለፉ። እስከ ዋልጋ ደህና ወረድን። ዳገቱ ላይ ግን ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፣ ኮፈኑ ጋለ፣ ከዚያም ቀጥ አለች። አባቴ ዘሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን በጋቢው ይዞ ሲከፍተው የወጣው ውሃ አልነበረም። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚንተከተክ ገንፎ ነበር፤ በእንፋሎት ፋንታ የአራስ ቤት ሽታ መንገዱን ሞላው።

ከኋላ አዶት ዓይኗን ገለጠች። «ቡላ ይሸተኛል» አለች በደከመ ድምፅ። «ወለድኩ እንዴ? ልጁ የታል?»

እትዬ ከድጃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ገንፎውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቀሚሴ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ዱቄት ብቻ ነበር። ቀርቦ ተንበረከከና በጋቢው ጫፍ ቀሚሴን ጠረገልኝ፣ እጆቼንም ጣት በጣት ጠረገልኝ፣ ከዚያ ተነስቶ እትዬ ከድጃ በምትሰማው ድምፅ «እኔ ነኝ፤ አብዝቼ ጨመርኩበት» አለ። እኔ የጠረገኝ እናቴ እንዳደፍኩ እንዳታየኝ ብሎ መስሎኝ ነበር።

ከወንዙ ውሃ ቀድተን መኪናዋ ውስጥ ብናፈስ አልቀበል አለች፤ ገንፎው ደንድኗል። እርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች ደርሰው ቃሬዛ ሠርተው አዶትን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ። ወሊሶ አልደረስንም። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ መንገድ ዳር ካለ ዋርካ ሥር አወረዷት፤ እዚያው አለፈች፣ ልጁም ከእሷ ጋር ሄደ። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቅንም።

መኪናዋ እዚያው ዳገት ላይ ቀረች። ጣሊያን ወጣ፣ ሰው የቻለውን ያህል እየፈታ ወሰዳት፤ ቆርቆሮዋ ለበር ሆነ፣ ብረቷ ለማጭድ። የአዶት ወንድሞች አባቴን የእህታችንን ቡላ ለብረት ያበላ ብለው ረገሙት፤ ለቅሶ ቤትም፣ ማኅበርም፣ ገበያም ያ ስም ተከተለው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰም። ሌላ ሚስት አላገባም፤ እኔን አሳደገ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ ዳረ። በቤታችን ቡላ አልተበላም። ቀሚሴን ለምን እንደጠረገልኝ የገባኝ ራሴ ልጅ ወልጄ፣ ልጄ ብርጭቆ ሰብራ አባቷ ሳያይ ስብርባሪውን ስለቅም ነው።

ሊሞት ሰሞን፣ አንድ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ «አባዬ፣ ያን ቡላ እኮ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ልጅ እያለሁ ሲቀልድብኝ እንደሚለው አድርጎ «አንቺ? ምን ቁመት ነበረሽና፤ አፏ ላይ እንኳ አትደርሺም ነበር» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ ቃል እንድጨምር አልፈቀደልኝም።

ዮናስ ውሃውን ጨምሮ ኮፈኑን ዘጋና «በረደ፤ እንሂድ» አለኝ። ሞተሩን ሲያስነሳ «የአባትሽ መኪና እዚህ አካባቢ ነው አይደል የቆመው? ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ለመንገር እድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬ፣ አፌን ስከፍት የወጣው «አባቴ ቡላ አብዝቶበት ነው» የሚለው ነው። ዮናስ ሳቀ። እኔም አላረምኩትም፤ አባቴ በሞተ በስንት ዓመቱ ጥፋቴን እንደገና አሸከምኩት።

እናቴን አጣሁ፣ ያን ያልታወቀ ወንድሜን ወይም እህቴን አጣሁ፣ አባቴ ደግሞ ስሙን አጣ፤ የእኔ ስም ብቻ ንጹሕ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆየ። አፌ እምቢ ቢለኝ እጄ ይጻፈው፤ ቡላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ደግሞም እደርስ ነበር፣ አባዬ። የምቆምበትን ድንጋይ ያመጣህልኝ አንተ ነህ።